ክዳኑ ተዘግቶም የማይተኛ ላፕቶፕ፦ ሊኑክስ፣ ታችፓድና የጠፉት 21 ሰከንዶች

ደንበኛዬ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ሥራዋ ኮምቦልቻ፣ ቤቷ ደሴ። ማታ ሰርቪሱ ጡሩምባውን ሲነፋ ላፕቶፗን ከደን አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ከዚያ ጥምዝምዙን መንገድ ይዞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ፣ ወደ ደሴ ጭጋግ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሱቄ መጣች። "ወንድሜ፣ ይሄ ነገር አልተኛም አለኝ" አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ክዳኑን ዘጋችው። ስክሪኑ ወዲያው ጠፋ። ፋኑ ግን ይዞራል። ሲተኛ ቀስ እያለ ብልጭ ድርግም ማለት የነበረበት የጎን መብራት ቀጥ ብሎ በርቷል። ስልኬን አውጥቼ ሰዓት ያዝኩ። አምስት። አሥር። አሥራ አምስት። 21ኛው ሰከንድ ላይ ፋኑ ቆመ፤ መብራቱም ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

"በየቀኑ እንዲህ ነው" አለች። "ሰርቪሱ እኔን ይጠብቃል፣ እኔ መብራቱን እጠብቃለሁ።"

እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ሦስት ሰው ጠይቃለች። አንዱ ባትሪው ሞቷል፣ ቀይሪው ብሏታል። ሌላው ፎርማት ይደረግ ብሏል። ሦስተኛው ሊኑክስ ለላፕቶፕ አይሆንም፣ ዊንዶውስ አስጭኚበት አላት። ሊኑክሱን የጫንኩላት እኔ ስለሆንኩ የሦስተኛው ነገር ከነከነኝ። ይበልጥ የከነከነኝ ግን ሦስቱም ሳይለኩ መናገራቸው ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ቆጥባ የገዛች ሰው በግምት ባትሪ ግዢ ስትባል ያሳዝናል። ማሽኑ እኮ ራሱ ይናገራል። ለመተኛት ሲዘጋጅ የትኛው ዕቃ ስንት ጊዜ እንደወሰደ በማይክሮሰከንድ ቆጥሮ ይጽፋል። ጻፍ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

እንዴት እንደሚጠየቅ ላስረዳ። ትዕዛዞቹን ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚገባበት መስኮት ላይ፣ የምታስገቡት በላቲን ፊደል ነው። እዚህ የማስቀምጠው አነባበባቸውን ነው።

መጀመሪያ መተኛት ማለት ምን እንደሆነ እንግባባ። ላፕቶፕ ሲተኛ አይጠፋም። የከፈታችሁት ሰነድ፣ ብሮውዘሩ፣ ሁሉም ራም ላይ እንዳለ ይቆያል። በጥልቁ እንቅልፍ፣ ማለትም ኤስ3 በሚባለው፣ ራሙ ጥቂት ኃይል እያገኘ ሌላው ሁሉ ማለት ይቻላል ይጠፋል። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ ኤስ2አይድል የሚባል ቀለል ያለ እንቅልፍ ነው ያላቸው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ "/ሲስ/ፓወር/ሜም_ስሊፕ" የሚለውን ፋይል ካነበባችሁ ታገኙታላችሁ። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ነው አሁን የሚሠራው። ለዛሬው ጉዳይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። በሁለቱም ዕቃዎቹ በየተራ መተኛት አለባቸው።

የሊኑክስ አስኳል ከርነል ይባላል። ቤቱን የሚያስተኛው እሱ ነው። በቅድሚያ ያልተጻፈውን ሁሉ ወደ ዲስክ ያስቀምጣል። ቀጥሎ ፕሮግራሞቹን ባሉበት ቀጥ ያደርጋቸዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ዕቃዎቹ ይዞራል፤ ዋይፋዩ፣ ዲስኩ፣ ካሜራው፣ ጠቋሚውን በጣት የምናንቀሳቅስበት ታችፓዱ። እናት ልጆቿ ሳይተኙ ጎኗን አታሳርፍም። እዚህም እንደዚያው ነው። ታችፓዱ የተያያዘበት መቆጣጠሪያ ቺፕ እናት ነው፣ ታችፓዱ ልጅ ነው። ልጁ ሳይተኛ እናትየዋ አትተኛም። ሲነቁ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እናት ቀድማ ትነሣለች፣ ልጆቹን ትቀሰቅሳለች። ይሄን ለምሳሌ ማማር ብዬ አላመጣሁትም። ከርነሉ የሚከተለው ቅደም ተከተል በትክክል ይኸው ነው።

እያንዳንዱን ዕቃ የሚያነጋግረው ድራይቨሩ ነው። "ተኛ" ይለዋል፤ "እሺ" እስኪለው ይጠብቃል። አብዛኞቹ ዓይን ሳይርገበገብ ይመልሳሉ። አንዱ ዝም ካለ ግን ቤቱ በሙሉ መብራት እንዳበራ ይቆያል። ጭራሽ አንዱ "አልተኛም" ብሎ ስሕተት ከመለሰ የባሰ ነው። ያኔ ከርነሉ እንቅልፉን ይሰርዝና የተኙትንም መልሶ ይቀሰቅሳቸዋል። ቦርሳ ውስጥ ሲግሉ የሚገኙት ላፕቶፖች አንዱ ምክንያታቸው ይህ ነው።

ታድያ ከዚህ ሁሉ ዕቃ መሀል ታችፓድ ለምን? አይበዛም አይከብድም እኮ።

ምክንያቱ የሚናገርበት ቋንቋ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ታችፓዱ እስከ ዛሬ የሚያወራው በፒኤስ/2 ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 በዚሁ ስም ከሚጠሩት ኮምፒውተሮቹ ጋር ያመጣው ነው። በድሮ ዴስክቶፕ ጀርባ ላይ የነበሩትን ክብ መሰኪያዎች የምታስታውሱ አላችሁ፤ ሐምራዊው የኪቦርድ፣ አረንጓዴው የማውስ። መሰኪያው ቀርቷል። ቋንቋው ግን ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ አለ።

በዚህ ቋንቋ ወሬ የሚሄደው በአንድ አንድ ባይት ነው። አንድ ባይት ይላካል፣ ታችፓዱ "ደረሰኝ" ይላል፣ ቀጣዩ ይላካል። ሊኑክስ ለአንዱ ባይት መልስ እስከ 200 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። "ራስህን እንደ አዲስ አስነሣ" የሚለው ትዕዛዝ ሲሆን ደግሞ ትዕግሥቱ ይረዝማል። ለ"ደረሰኝ" አንድ ሰከንድ፣ ታችፓዱ ራሱን መርምሮ "ደህና ነኝ" እስኪል እስከ 4 ሰከንድ። ይሄ ትዕግሥት ጥፋት አይደለም። ቀርፋፋ ታችፓዶች ስላሉ ነው የተሰጠው።

አሁን ክዳኑን ስትዘጉ የሚሆነውን ተመልከቱ። ታችፓዱ ቀን ሲሠራ ተራ ማውስ አይደለም። ሁለት ጣት ያውቃል፣ ስክሮል ያውቃል፣ መዳፍ ሲያርፍበት ለይቶ ችላ ይላል። ፒኤስማውስ የሚባለው ድራይቨር ከመተኛቱ በፊት ይሄን ሁሉ አስጥሎ ወደ ተራ ማውስነት ይመልሰዋል። አንዳንድ ላፕቶፖች ማውሱን ባልጠበቁት ሁኔታ ካገኙት ግራ ስለሚጋቡ ነው። ለዚህ ትዕዛዞች ይላካሉ። ደህና ታችፓድ ይሄን በቅጽበት ይጨርሳል። የማይመልስ ታችፓድ ከሆነ ግን ድራይቨሩ አንዱን ትዕዛዝ ይልካል፣ ገደቡ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይሞክራል፣ ይጠብቃል። 200 ሚሊሰከንድ ብቻዋን ምንም አይደለች፤ ስትደራረብ ግን ሰርቪስ ታስቆማለች።

ለምን አይመልስም? አንዱ ምክንያት ሁለት በር መኖሩ ነው። አንዳንድ ታችፓዶች በፒኤስ/2 በርም በኤስኤምባስ በርም ይገባባቸዋል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፣ ብዙ ጣቶችንም በደንብ ይለያል። ታችፓዱ ወደ ሁለተኛው በር ከሄደ በኋላ በመጀመሪያው ብታንኳኩ የሚከፍት ላይኖር ይችላል። ወይም ደግሞ አንዱ በር ቀድሞ ተዘግቶ ሌላው ገና ሲንኳኳ ይገኛል። ሌላው ምክንያት መሀል ላይ ሆኖ ወሬ የሚያመላልሰው የኪቦርድ መቆጣጠሪያ ቺፕ ነው። እሱ ከቀረፈፈ ታችፓዱ በማያውቀው ይወቀሳል።

ከመለካታችሁ በፊት ግን ታችፓድ ያልሆኑትን አጥሩ። በብዙ ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞች "ቆይ፣ አንድ ነገር ልጨርስ" ብለው እንቅልፉን እስከ 5 ሰከንድ ማዘግየት ይፈቀድላቸዋል። ፍላሽ ላይ የሠርግ ቪዲዮ እየገለበጣችሁ ክዳኑን ከዘጋችሁ፣ የቀረው ተጽፎ እስኪያልቅ መጠበቁ የግድ ነው። ፕሮግራሞቹን ቀጥ በማድረጉ ላይ ደግሞ የከርነሉ ገደብ 20 ሰከንድ ነው። በዚያ ውስጥ አንዱ አልቆም ካለ እንቅልፉ ይሰረዛል።

አንድ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያሳስት አለ። ላፕቶፑ ከነቃ በኋላ ላለው 30 ሰከንድ፣ ሲስተምዲ (በብዙ ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶቹን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) በነባሪው የክዳኑን መዘጋት ችላ ይላል። ውጫዊ ስክሪን ተሰክቶ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ እንዲያገኝ ነው። ደንበኛዬ መብራቱ ብልጭ ድርግም አልል ሲላት ክዳኑን ከፍታ ታየዋለች፣ ደግማ ትዘጋዋለች። በዚህ መሀል 21 ሰከንዷ ከደቂቃ ሊያልፍ ይችላል። "አብሽሪ፣ ዝጊውና ተይው" አልኳት። ስትለኩም እንደዚሁ አድርጉ። ከነቃ በኋላ አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ዝጉት። ወይም ክዳኑን ተዉትና "ሲስተምሲቲኤል ሰስፔንድ" በሚለው ትዕዛዝ አስተኙት።

አሁን ወደ መለኪያው። "/ሲስ/ፓወር/ፒኤም_ፕሪንት_ታይምስ" የሚባል ፋይል አለ። ውስጡ 0 ነው። 1 ስትጽፉበት ከርነሉ የእያንዳንዱን ዕቃ ሰዓት መመዝገብ ይጀምራል። አጻጻፉ ላይ ወጥመድ አለ። "ሱዶ ኤኮ 1" ብላችሁ በቀስት ወደ ፋይሉ ብትልኩ "አልተፈቀደም" ይላችኋል። የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠው ሱዶ የሚሠራው ለኤኮ እንጂ ለቀስቱ አይደለምና። ስለዚህ "ኤኮ 1" በሉና ፓይፕ በሚባለው ቁም መስመር (|) አሳልፋችሁ ለ"ሱዶ ቲ" ስጡት፤ ከቲ ቀጥሎ የፋይሉን አድራሻ ጻፉ። ሲስተሙ ሪስታርት ሲያደርግ ወደ 0 ይመለሳል፤ የሚበላሽ ነገር የለም።

ከዚያ ላፕቶፑን አስተኙት፣ አንቁት፣ "ሱዶ ዲሜሴጅ" ብላችሁ መዝገቡን ክፈቱ። መስመሩ ብዙ ነው፤ አትደንግጡ። "ዩሴክስ" የሚለውን ቃል ብቻ ግሬፕ በሚባለው የቃል ማጣሪያ ትዕዛዝ አጥሩት። ዩሴክስ ማይክሮሰከንድ ነው፤ ሚሊዮኑ አንድ ሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ የምትፈልጉት ሰባትና ስምንት አሃዝ ያለው ቁጥር ነው።

የእሷን መዝገብ አብረን አየን። ጣቴን እያስኬድኩ ወረድኩ። ዋይፋዩ ጥቂት ሺህ። ካሜራው ከዚያ ያነሰ። ዲስኩ አራት መቶ ሺህ ገደማ፤ ይሄ ግማሽ ሰከንድ እንኳን አይሞላም። ከዚያ እንዲህ የሚል መስመር መጣ፦ "ፒኤስማውስ ሲሪዮ1"፣ ጫፉ ላይ "ሪተርንድ 0 አፍተር 18643210 ዩሴክስ"። 18 ሰከንድ ተኩል አልፏል፣ በአንድ ታችፓድ። "ሪተርንድ 0" ማለት ደግሞ በሰላም ተኝቷል ማለት ነው። ስሕተት የለም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም። ለዚህ ነው ማንም ያላየው። መዘግየት ብቻውን ስሕተት ሆኖ አይመዘገብም።

"ይቺ ናት?" አለች፣ ታችፓዱን በጣቷ እየነካች።

ሰዓቱን በጆርናል መዝገብ ለመለካት የምትሞክሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። መዝገቡን የሚይዘው ፕሮግራምም ከሌሎቹ ጋር ቀጥ ተደርጎ ነው የሚያድረው። ብዙውን መልእክት የሚቀበለው ከነቃ በኋላ ነው። የግድግዳ ሰዓቱ ስለዚህ ያሳስታል። እኔ የማምነው ዲሜሴጅ በግራ በኩል በቅንፍ የሚያስቀምጠውን፣ ከተነሣ ጀምሮ የሚቆጥረውን ቁጥር ነው።

ደጋግሞ ማስተኛትና ማንቃት ለሚሰለቸው ሌላ መንገድ አለ። "/ሲስ/ፓወር/ፒኤም_ቴስት" ውስጥ "ዲቫይስስ" የሚለውን ቃል ጻፉ። አሁን ስታስተኙት ዕቃዎቹን ብቻ ያስተኛል፣ 5 ሰከንድ ይቆያል፣ ራሱ ይነቃል። ልምምድ ነው እንጂ እንቅልፍ አይደለም። ጨርሳችሁ "ነን" የሚለውን (የእንግሊዝኛው "ምንም" ነው) መልሳችሁ ጻፉ፤ ካልሆነ ሪስታርት እስክታደርጉት ድረስ ባስተኛችሁት ቁጥር ከ5 ሰከንድ በኋላ እየነቃ ያስቸግራችኋል። ይሄ ፋይል በሁሉም ከርነል ላይ አይገኝም። ከሌለ በእውነተኛው እንቅልፍ ለኩ።

ተጠርጣሪ ተገኘ ማለት ግን ተፈረደበት ማለት አይደለም። ማረጋገጫው ድራይቨሩን አውርዶ፣ ማለትም ከከርነሉ አውጥቶ፣ ያለ እሱ ማስተኛት ነው። የዩኤስቢ ማውስ ሰኩ፣ የከፈታችሁትን ሥራ ሴቭ አድርጉ። ከዚያ "ሱዶ ሞድፕሮብ"፣ ሰረዝ "አር"፣ "ፒኤስማውስ" በሉ። ታችፓዱ ወዲያው ይሞታል። ኪቦርዱ አይነካም፤ በዚያው ቺፕ ላይ ቢሆንም ድራይቨሩ ሌላ ነው። አሁን አስተኙት። የእሷ ሁለት ሰከንድ ከምናምን ወሰደ። ድራይቨሩን መልሰን ጫንነው፤ 21 ሰከንድ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ደገምነው። ከዚህ በኋላ ነው ጥፋተኛው ታችፓዱ ነው ያልኩት።

ታችፓዳችሁ የዚህ ድራይቨር መሆኑን የማታውቁ፣ "/ፕሮክ/ባስ/ኢንፑት/ዲቫይስስ" የሚለውን ፋይል አንብቡ። የታችፓዱ ስም ሥር "ሲሪዮ" የሚል ካለ ፒኤስ/2 ነው። "አይ2ሲ" የሚል ካለ በሌላ መንገድ ነው የሚያወራው። የሚወርደውም ሞጁል (ድራይቨሩ ማለት ነው) ሌላ ይሆናል፤ ስሙ አይ2ሲ_ሂድ ብሎ የሚጀምር ወይም እሱን የሚመስል ነው።

መፍትሔው ላይ የማምንበት ቅደም ተከተል አለኝ። አንደኛው ከርነሉን ማዘመን ነው። የታችፓድ ጉዳይ በየጊዜው የሚታረም ነገር ነው፤ የእናንተ ሞዴል ታርሞ ሊሆን ይችላል። የእሷን አዘመንን፣ ለውጥ አልነበረም። ከዚያ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ፣ ግቡ። በአንዳንድ ላፕቶፖች ታችፓዱን "ቤዚክ" ወይም "አድቫንስድ" ብሎ የሚያስመርጥ ቦታ አለ። እሱን መቀየር ታችፓዱን ከአንዱ በር ወደ ሌላው ይወስደዋል። የእሷ ይሄም አልነበረውም።

ሲናፕቲክስ የሚባለው አምራች ታችፓድ ያላችሁ ሌላ ዕድል አላችሁ። ዲሜሴጅ ላይ ታችፓዱ ሌላ ባስ (ሌላ በር) መጠቀም እንደሚችል የሚናገር መልእክት ካያችሁ፣ "ፒኤስማውስ.ሲናፕቲክስ_ኢንተርታች" የሚባለውን አማራጭ 1 አድርጋችሁ ሞክሩ። አሁንም በዚያ በር እየሠራ ከሆነና ችግር ካለ ደግሞ 0። ስትሞክሩ ግን ቋሚ አታድርጉት። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሊኑክስን በሚያስነሣው በግረብ ዝርዝር ላይ "ኢ" ን ተጭናችሁ፣ "ሊኑክስ" ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ጻፉት። ለዚያች አንድ ማስነሣት ብቻ ይሠራል። ከጠመመባችሁ ሪስታርት አድርጉት፣ ይጠፋል። ከሠራላችሁ "/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግረብ" ውስጥ አስገቡትና ኡቡንቱ ላይ "ሱዶ አፕዴት-ግረብ" በሉ።

ይሄ ሁሉ ካልሆነ የመጨረሻው ይቀራል፤ በእጅ ያደረግነውን ማሽኑ ራሱ እንዲያደርገው ማዘዝ። "/ዩዝር/ሊብ/ሲስተምዲ/ሲስተም-ስሊፕ" የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ የተቀመጠ ስክሪፕት ላፕቶፑ ሊተኛ ሲል "ፕሪ"፣ ሲነቃ "ፖስት" የሚል ቃል ይደርሰዋል። ፕሪ ሲባል ፒኤስማውስን ያወርዳል፣ ፖስት ሲባል መልሶ ይጭናል። ስድስት መስመር አይሞላም። ፋይሉ እንዲሠራ ፈቃድ ስጡት፤ "ሲኤችሞድ"፣ ፕላስ "ኤክስ"። ይሄን የረሳ ሰው ስክሪፕቱ ዝም ብሎ ይታለፋል፣ ለምን እንደሆነም አይነገረውም። ይህ የሚረዳው ድራይቨሩ የሚወርደው ቤቱ ገና ነቅቶ ባለበት፣ ታችፓዱም በሚመልስበት ሰዓት ስለሆነ ነው። ማውረዱ ራሱ ብዙ ሰከንድ ከወሰደባችሁ ግን ይሄ መፍትሔ አይደለም። ከትዕዛዙ ፊት "ታይም" የሚለውን ቃል ጨምራችሁ ለኩት።

ይሄ ጥገና ነው፣ ፈውስ አይደለም። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ስክሪፕቱን ከፎልደሩ አውጥታችሁ አንድ ጊዜ ለኩ። ዋናው ታርሞ ከተገኘ መልሳችሁ አታስገቡት።

ለደንበኛዬ ስክሪፕቱን አስገብቼ ላፕቶፑን አስረከብኳት። ራሷ ትሞክረው ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ክዳኑን ዘጋችው። ከንፈሯ ቁጥር ይቆጥራል። ሁለት ላይ ፋኑ ዝም አለ፤ ሦስት ሳትል መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። መልሳ ከፈተችው። ስክሪኑ መጣ፣ ጠቋሚው ግን አልተንቀሳቀሰም። ቀና ብላ አየችኝ። ድራይቨሩ እንደ አዲስ እየተጫነ ነው፣ ታገሺው አልኳት። ወዲያው ተንቀሳቀሰ።

"ለዚህስ አንድ ሰከንድ እሰጠዋለሁ" አለች፣ ቦርሳዋን እየዘጋች።